መስታወት ውስጥ የተቀመጠው ብሬል

እግር ጥሎኝ በደረስኩበት ከተማ ሁሉ ሙዚየሙን ሳልጎበኝ ወጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ «ሰው ዘመድ ይጠይቃል፤ አንቺ አጽም ትጠይቂያለሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አልተሳሳተም። ዕድሜዬን በዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጉልበቴ እሺ ባለኝ ቀን ሁሉ የምገኘው በከተማችን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ይህን የምወደውን ቤት ለመውቀስ አይደለም፤ ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ግን ከአንድ ስህተት ስለሚነሳ፣ ስህተቱን አስቀድሜ እንድናገር አንባቢዎቼ ይፍቀዱልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንድሜ ልጅ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት። ይህን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እሷም ከንፈር መጣጭ ባጋጠማት ቁጥር በትሕትና፣ «ምነው፣ ጥርስዎን አመመዎት?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያ ዓመት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆና ተቀጥራ ነበር። ተማሪዎቿ ዓይናማ ልጆች ናቸው። በእሷ ክፍል እጅ ማውጣት ፋይዳ ስለሌለው ልጆቹ መናገር ሲፈልጉ ስማቸውን ይጠራሉ፤ የሚንሾካሾከውን ልጅ ደግሞ ከነወንበሩ ለይታ ስለምታውቀው ማንም አይንሾካሾክም። ወላጆች ወደዷት። ልጆቹም ሠፈር ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የቅጠል ዓይነት በመዳሰስ መለየት እስኪጀምሩ ድረስ ወደዷት።

ርዕሰ መምህሩ ግን ሐሳብ ገብቶት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ እንጂ። በትምህርት ቤቱ የቆየ አሠራር መሠረት በየዓመቱ የእሷ ክፍል ተማሪዎች የሳይንስ ሙዚየሙን ይጎበኛሉ፤ የሚመራቸውም የሳይንስ መምህራቸው ነው። «ራስሽ የማታዪውን እንዴት ታሳዪያቸዋለሽ?» አላት። ልጆቹን ይዛ መሄድ ካልቻለች የሳይንሱን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ሰጥቶ እሷን ቤተ መጻሕፍት ሊመድባት ማሰቡን በለሰለሰ አነጋገር ገለጸላት። ለእሷው ድካም በማዘን መሆኑንም አልሸሸጋትም።

ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነጭ በትሯን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ቤተ መጻሕፍት መጥፎ ቦታ ሆኖ አይደለም፣ አክስቴ» አለች። «እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የማስተምራቸው ስለ ጥርስ ነው። አንድ እንስሳ ምን እንደሚበላ ጥርሱን በመዳሰስ ብቻ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ትምህርት ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። መጀመሪያ ግን ጥርሶቹን እኔ ራሴ ላግኛቸው።»

ሙዚየሙ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲታደስ ቆይቶ ከተከፈተ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። በበሩ ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆኖ ተዘጋጅቷል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሳነብላት፣ «እሰይ፣ እስኪ ምቾቱን እናየዋለን» አለችና ክንዴን ያዘች።

በሩ ላይ የተቀበለን ያው የምናውቀው ጥበቃ ነው። ጎልማሳ ሆኖ ገብቶ ፀጉሩ እዚያው የሸበተ፣ ድምፁ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚሰማ ሰው ነው። የከተማው ልጆች «ጋሽ አይነካም» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ከአፉ የሚወጣው ቃል ይኸው ብቻ ስለሆነ። ጃንጥላና ምርኩዝ በር ላይ ማስቀመጥ ደንብ ነውና፣ ልጅቷ በትሯን እዚህ ትታ ትግባ እንደሆነ እኔን ጠየቀኝ። የወንድሜ ልጅ ቀደም ብላ፣ «እርስዎ እግርዎን በር ላይ አስቀምጠው ነው የሚገቡት፣ ጋሼ?» አለችው። ጥቂት አሰበበትና ሳቀ። በትሩም ገባ።

ዳይሬክተሩ የቆየ ትውውቅ ስላለን ራሱ ሊያስጎበኘን ወረደ። ትሑት፣ ሥራውን የሚወድ፣ ክራቫቱ ዝንፍ የማትል ሰው ነው። ከሰላምታ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ውሃ ትጠጣለች?» አለኝ።

«ትጠጣለች» አለች የወንድሜ ልጅ። «ሲጠይቋትም ትመልሳለች።»

ደነገጠና ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ሊመራት ፈልጎ አንጓዋን ጭብጥ ሲያደርግ፣ እጇን ቀስ ብላ አላቃ እሷ የእሱን ክርን ያዘች። ሰው ሲይዛት እንደ ዕቃ እንደምትጎተት፣ እሷ ስትይዝ ግን አብራ እንደምትራመድ አስረዳችው። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር እስከዚያች ቀን ማንም ያልነገረው ሰው መሆኑን ፊቱ ላይ አየሁ።

የጥርሶቹ ክፍል ከዋናው አዳራሽ በስተቀኝ ነው። የዝሆን መንጋጋ ጥርስ፣ የአንበሳ ክራንቻ፣ የፈረስ ጥርስ፣ አፉን እንደከፈተ የቀረ የአዞ ራስ ቅል፣ ሁሉም በየመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ በመብራት ተከበው ይታያሉ። ከሥራቸው ያለው ማብራሪያ በግራጫ ላይ በነጭ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ እኔም መነጽሬን ሁለት ጊዜ ማውለቅና ማጥለቅ ነበረብኝ።

«በብሬልም ጽፈናል» አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፤ ኩራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በከተማችን ይህን ያደረገ ሌላ ተቋም አልነበረምና።

የወንድሜ ልጅ ፊቷ በራ። እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነገር ላይ አረፉ፤ ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ተመለሱ፣ ወደ ታች ወረዱ።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚያው ነው፤ ከጣቶችሽ ሥር።»

«ከጣቶቼ ሥር ያለው መስታወት ነው።»

«አዎ፣ ጽሑፉ ከመስታወቱ ውስጥ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ረጋ ብሎ። «በቀጭን ብረት ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ሰው በነካካው ቁጥር ነጥቦቹ ይጠፋሉ ብለን ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላም ወዲያው አልታወቀውም። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየሁት። እውነትም የሚያምር ሥራ ነበር፤ ነጥቦቹ በመብራቱ ሥር ያብረቀርቃሉ። የሚያየው ሰው ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ የሚችለው ሰው አይደርስበትም። እስከ ዛሬ በተጓዝኩባቸው አገሮች ሁሉ እንደዚያ በጥንቃቄ ተደክሞበት ለማንም የማይሆን ጽሑፍ አላየሁም። ሳቄን መግታት አቃተኝ። የወንድሜ ልጅም ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ስህተት ከክፋት የመጣ አልነበረም። በዚያ ቤት ልማድ ውድ ነገር ሁሉ መስታወት ውስጥ ይገባል። ብሬሉም በዓይናቸው ውድ ነገር ነበርና አስገቡት። አስቀድሞ አንድ የሚያነበው ሰው ጠርተው ቢያማክሩ ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ይስተካከል ነበር። ስለ ዓይነ ስውራን ብዙ አሰቡ፤ ከእነርሱ ጋር ግን አላሰቡም።

ዳይሬክተሩ አልሳቀም። ያፈረ ሰው እንደሚያደርገው ድምፁን አደረቀና ደንብ መጥቀስ ጀመረ። ጥርሶቹ አደራ መሆናቸውን፣ የሕዝብ እጅ ቢያርፍባቸው እንደማይበረክቱ ተናገረ። ቀጥሎም ብዙዎቻችን የምናስበውን ጮክ ብሎ ተናገረው።

«ደግሞስ በዓመት ስንት ዓይነ ስውር ይመጣል? አንድ? ሁለት? የመጣውም ከሰው ጋር ነው የሚመጣው፤ አብሮት ያለው ሰው ይነግረዋል።»

«እሺ» አለች የወንድሜ ልጅ። «አክስቴ ትንገረኝ። የዝሆኑ መንጋጋ ምን ይመስላል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ትልቅ መሆኑን ነገርኳት። ምን ያህል ትልቅ አለችኝ። ጫማ ያህላል አልኩ። የማን ጫማ አለችኝ። የአባትሽ አልኩ፤ የወንድሜ እግር በቤተሰባችን የታወቀ ነውና። ላዩስ? ላዩ ወጣ ገባ ነው። እንደ ምን ያለ ወጣ ገባ? እዚህ ላይ ቃል አለቀብኝ። ዳይሬክተሩ ሊያግዘኝ ሞከረ፤ እሱም ከ«እንደ ጎዳና» አላለፈም።

«ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ» አለች የወንድሜ ልጅ፤ አሁን አትስቅም ነበር። «ግን የተነገረው ሰውና ራሱ ያገኘው ሰው አንድ አይደሉም። እኔ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ የአባቴን ጫማ ላስተምራቸው አልችልም። ስንት ሰው ይመጣል ለሚሉት ደግሞ፣ የገባውን ሰው በሩ ላይ ያዩታል። ያልመጣውን ማን ያየዋል?»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ተመለከተና «እናስብበታለን» አለ። ይህ ቃል በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የወንድሜ ልጅም አወቀችው፤ በትሯን ዘረጋች፤ ወደ ዋናው አዳራሽ ወጣን። እርምጃዋ ከባድ ነበር። በዚያች ቅጽበት ቤተ መጻሕፍቱ ወደ እሷ እየቀረበ መሄዱን ሳትናገር ሰማኋት።

ጉልበቴ ደግሞ አመጸ። በአዳራሹ መሐል፣ ከትልቁ የዓሣ ነባሪ አጽም ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነበር። ብፈልገው የለም። የት እንደሄደ ጠየቅሁ።

«አዳራሹን ያጣብብ ነበር፤ ሲታደስ አነሳነው» አለ ዳይሬክተሩ። አዝኖልኝ ክንዱን ሰጠኝና፣ ልቡ ለስለስ ስላለ ይመስለኛል፣ ስለ እናቱ አነሳ። «እናቴም የምትቀመጠው እዚያው ላይ ነበር። በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። አሁንስ ሰለቻት፤ አትመጣም።»

«ምስኪን» አልኩ።

የወንድሜ ልጅ ቆመች። ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«መቼ ነው የሰለቻቸው?»

«ይኸው… ካደስነው በኋላ» አለ ዳይሬክተሩ። ዓይኑ ወንበሩ ወደነበረበት ባዶ ወለል ሄደ፤ ከዚያ ወደ ደቃቁ ጽሑፍ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ባዶው ወለል። እኛ ስንወጣም እዚያው ቆሞ ሲያይ ተውነው።

በማግስቱ ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

«እናቴ አልሰለቻትም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ባወራው ወረቀቴ አይበቃኝም። ዋናው ነገር ዳይሬክተሩ የወንድሜን ልጅ ጠርቶ፣ «ምን እናድርግ?» ብሎ መጠየቁ ነው፤ ጠይቆም መልሱን መጠበቁ። መጋዘን ውስጥ ትርፍ የሆኑ፣ ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ ለመስታወት ሣጥን ያልበቁ ጥርሶች ለዓመታት ተጥለው ነበር፤ እነርሱ ወጡ። ብርቅ የሆኑትም በጄሶ ተቀድተው ቅጂያቸው ተሠራ። ሁሉም በዋናው አዳራሽ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ በዊልቸር የሚመጣ ሰው ጉልበቱን ከሥሩ ሊያስገባ በሚችልበት ቁመት ተደረደሩ። በወንድሜ ልጅ ምክር መስማት የተሳናት አንዲት ልብስ ሰፊ ተጠርታ መጥታ፣ በሙዚየሙ የሚታየው ፊልም የሚናገረው ሁሉ ከሥሩ ካልተጻፈ ለእሷ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ብቻ መሆኑን በአስተርጓሚ ነገረቻቸው። በዊልቸር የሚሄድ ሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ መጥቶ፣ የዊልቸሩን መግቢያ የሚያስከፍተው ደወል ከደረጃው አናት ላይ መተከሉን አሳያቸው። ዳይሬክተሩ በዚህኛው ስህተት ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ያን ጊዜ ሰውየው መዳኑን አወቅሁ።

ብሬሉም ከመስታወቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተለጠፈ። «ነጥቦቹ ቢጠፉስ?» ያለ ሠራተኛ ነበር። «ቢጠፉ ሌላ እናሠራለን» አለው ዳይሬክተሩ። «ካለቀ ተነበበ ማለት ነው።»

የተቸገረው ጋሽ አይነካም ነው። ነገሩን ሲሰማ ታመመ ማለት ይቻላል።

«ዕድሜዬን ሙሉ አትንኩ ስል ኖሬ አሁን ንኩ በል ትሉኛላችሁ?» አለ። «አፌስ እሺ ይለኛል?»

«አፍዎን አይደለም የምፈልገው፣ ጋሼ» አለችው የወንድሜ ልጅ። «እጅዎን ነው። እነዚህን ዕቃዎች ሲያጸዱ እንዴት እንደሚያነሷቸው ለልጆቹ ያሳዩልኝ።»

የጉብኝቱ ቀን ርዕሰ መምህሩም አብሮ መጣ። ሊያግዝ መምጣቱን ተናገረ፤ ሊታዘብ እንደመጣ ግን ሁላችንም አውቀናል። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ጠረጴዛውን ከበቡ። የወንድሜ ልጅ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ቆማ፣ ዛሬ የሚማሩት በእሷ መንገድ እንደሆነ ነገረቻቸውና ዓይናቸውን አስጨፈነቻቸው። ጋሽ አይነካም የዝሆኑን መንጋጋ አንስቶ፣ ሕፃን እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጁ ደግፎ ለመጀመሪያዋ ልጅ አቀበላት። ልጅቷ ዳሰሰችውና ስሟን ጠርታ ተናገረች።

«መምህር፣ ይሄ ሞረድ ይመስላል።»

«ሞረድ ምን ያደርጋል?»

«ይፈገፍጋል።»

«እንግዲህ ባለቤቱ ሥጋ የሚቦጭቅ ነው ወይስ ቅጠል የሚያደቅ?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። የዝሆኑን መንጋጋ ያህል ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ የተዟዟረ ነገር አላየሁም። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ጫማውን ሲጥ ሲጥ እያደረገ ሲንጎራደድ የወንድሜ ልጅ ድምፁን ሰምታ፣ «ርዕሰ መምህር፣ እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ይቅረቡ» አለችው። እምቢ ማለት አልቻለም። አንድ ረጅም ጥርስ እጁ ላይ ተቀመጠ። ደጋግሞ አገላብጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የአንበሳ ነው አለ። የፈረስ ነበር። ልጆቹ እስኪንፈራፈሩ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሲበርድ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ በሚመጣው ዓመት የሌሎቹንም ክፍሎች ይዛ እንድትመጣ ጠየቃት። «ራስሽ የማታዪውን» ስላለው ቃልም ይቅርታ ለመነ። ቤተ መጻሕፍቱን ዳግመኛ ማንም አላነሳውም።

እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ተቀምጬ ነው። አግዳሚው ወንበር ወደ ቦታው ተመልሷል። ከጎኔ የዳይሬክተሩ እናት ተቀምጠው በትልቅ ፊደል የተጻፈውን አዲሱን ማብራሪያ ያለ መነጽር ያነቡ ነበር። ሰለቸኝ ያሉት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እህቴ፣ ልጄ የሚመራው ቤት ነው። መቀመጫ የለውም፣ ጽሑፉም አይነበብም ብል እሱን ማሳጣት አይሆንብኝም? ስለዚህ ሰለቸኝ አልኩት።»

ይህን ቃል ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ሳደርስ፣ በየቤታችን፣ በየቢሯችንና በየትምህርት ቤታችን «ሰለቸኝ» ብሎ የቀረውን ሰው ሁሉ እንድታስቡት እለምናችኋለሁ። ሳይሰለቸው የቀረ ብዙ ነው። በር የሚከፈተው ለዓይነ ስውሩ፣ መስማት ለተሳነው፣ በዊልቸር ለሚሄደው ውለታ ለመዋል አይደለም፤ ዕውቀቱ የእነርሱም ስለሆነ ነው። ተከፍቶ ሲገኝ ደግሞ አዛውንቷም፣ ሕፃን የታቀፈችውም፣ እንደ እኔ ጉልበቱ የከዳውም ይገባበታል። ስለዚህ ጥያቄ የጠየቀችውን መምህርት፣ ማፈሩን ወደ ሥራ የለወጠውን ዳይሬክተር፣ ልጆች ፊት ለመሳሳት ያልፈራውን ርዕሰ መምህር አመሰግናለሁ። አንድ ሌላም የማመሰግነው ሰው አለኝ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ እኔም ልሄድ ተነስቼ በጠረጴዛው በኩል ሳልፍ፣ በሄድኩበት አገር ሁሉ በሙዚየም ውስጥ እንደማደርገው፣ እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ነበር። ያ የማውቀው ትልቅ ድምፅ ከበሩ ተከተለኝ።

«እማማ፣ ሳይነኩ ነው እንዴ የሚሄዱት?»

ተመለስኩ። እጆቼን ፈታሁና የዝሆኑን መንጋጋ በሁለት እጄ፣ እሱ እንዳሳያቸው አድርጌ አነሳሁት። የወንድሜን ጫማ ፈጽሞ አይመስልም።